አጋምም ያለቅሳል፤ ስለ አገራችን እሾኻማ የፍሬ ቁጥቋጦዎች የተደረገ ዳሰሳ

የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ለጠላ የሚሆን ጌሾ ልገዛ ወደ ሾላ ገበያ ወርጄ ሳለ፣ የጌሾው ቅጠልና እንጨት በየማዳበሪያው ተቆልሎ፣ የቅቤውና የበርበሬው ሽታ ከቅመማ ቅመሙ ጋር ተቀላቅሎ አየሩን ሞልቶት በነበረበት ስፍራ፣ ዘቢብ በሚዛን ከምትሸጥ አንዲት ሴት ፊት ቆምሁ። «እናቴ፣ አጋም ወደዚህ አይመጣም?» ብዬ ብጠይቃት፣ «ኧረ ጋሼ! አጋም የእረኛ ነው እንጂ የገበያ ነው እንዴ?» ብላ ሣቀችብኝ። ይህ ዳሰሳ የተጻፈው ያ መልሷ በአንድ ወገን እውነት፣ በሌላው ወገን ግን የምንጸጸትበት እውነት ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

ጥያቄውን ያመጣው አስቀድሞ ያነበብሁት አንድ የአትክልት መጽሐፍ ነበር። መጽሐፉ በአውሮፓና በአሜሪካ የቤት አጸድ እጅግ ስለ ተለመደው፣ እንግሊዞች «ከረንት» ብለው ስለሚጠሩት የፍሬ ቁጥቋጦ፣ ይልቁንም ከዘመዶቹ ሁሉ በአበባው ውበት ስለ ተመረጠው፣ በሥነ ዕፅዋት ሊቃውንት ስሙ ሪቤስ ሳንጉኒየም ስለሚባለው ይናገራል። ሁለተኛው ቃል በላቲን ደም መሰል ማለት ነው። አገሩ የሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ሲሆን፣ በ1793 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ የሚመጡትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) ከመርከብ አዛዡ ከቫንኩቨር ጋር የተጓዘው ሐኪምና ዕፅ ሰብሳቢ አርቺባልድ ሜንዚስ አገኘው፤ ዘሩን ወደ ብሪታንያ አስገብቶ በአጸድ እንዲበቅል ያደረገው ግን ሌላው ስኮትላንዳዊ ዴቪድ ዳግላስ ነው፤ ይህም የሆነው በ1826 ነው።

ባሕርዩን ባጭሩ ብናወሳ፣ ቁመቱ ከሁለት እስከ ሦስት ሜትር የሚደርስ፣ እሾህ የሌለው፣ ቅጠሉ እንደ እጅ መዳፍ በሦስት ወይም በአምስት የተከፋፈለና ሲታሽ የሚሸት፣ ክረምት በየዓመቱ ቅጠሉን የሚያራግፍ ቁጥቋጦ ነው። በረዶው ቀልጦ ቅጠሉ ገና ሲፈነዳ፣ ብዙ አበቦች በአንድ ዘንግ ተደርድረው እንደ ጉትቻ ቁልቁል ይንጠለጠሉለታል። የሚያስደንቀው ነገር ዓይን የሚስበው ቀይ ቀለም የመልካበባው አለመሆኑ ነው፤ እውነተኞቹ የአበባ ቅጠሎች ጥቃቅንና ነጣ ያሉ ሆነው በመካከል ሲሸሸጉ፣ ቀለሙን ለብሶ የሚታየው በሌላው ዕፅ ዘንድ አረንጓዴ ሆኖ እንቡጡን የሚጠብቀው የውጭ ሽፋን ነው። ዘበኛው የንጉሡን ልብስ ለብሶ እንደ መቆም ያለ ነገር ነው። ፍሬው ጥቁር ሰማያዊ፣ በላዩም እንደ ዱቄት ያለ ስስ ሰም ያለበት፣ ይበላል እንጂ ጣዕሙ የሚመሰገን አይደለም። ከጫፉ ላይ የደረቀው አበባ ተጣብቆ ይቀራል፤ ይህም ማሕፀነ ፍሬው ከአበባው በታች ስለ ተሠራ ነው፤ ከረንትን ከብዙ ሌሎች ቁጥቋጦዎች የሚለየው ምልክትም ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ስለ ስሙ ትንሽ ዘወር ብዬ ብናገር አንባቢ ይቅር ይለኛል። «ከረንት» የተባለው ቃል በመጀመሪያ የቁጥቋጦ ስም አልነበረም፤ ከግሪክ አገር፣ ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ሁለት መልእክታት ከጻፈላት ከቆሮንቶስ ከተማ ስሟን የወሰደ የጥቃቅን ዘቢብ መጠሪያ ነበር። የአውሮፓ ሰዎች የዚህን ቁጥቋጦ ፍሬ ባዩ ጊዜ ያንን ዘቢብ ስለ መሰላቸው የዘቢቡን ስም አወረሱት። ሪቤስ የሚለው የሊቃውንቱ ስም ደግሞ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን፣ ዐረቦቹ በዚህ ስም የሚጠሩት ፈጽሞ ሌላ ተክል ነበር። እንግዲህ ያቺ የሾላ ሴት በሚዛን የምትሰፍረው፣ በቤተ ክርስቲያናችንም በውሃ ተዘፍዝፎ ተጨምቆ ለቅዱስ ቍርባን የሚቀርበው ዘቢብ የስሙ ባለቤት ነው፤ ቁጥቋጦው ስም ወራሽ ነው። እኔም ሳላውቀው ከእውነተኛው ባለ ስም ፊት ቆሜ ስለ ሌላ ፍሬ መጠየቄ በኋላ አስቆኛል።

የሪቤስ ወገን 150 ያህል ዓይነት ሲኖረው፣ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም የሰሜኑ የብርድ አገርና የደቡብ አሜሪካ ተራሮች ልጆች ናቸው። በአፍሪካ ምድር ከሰሜን ምዕራቡ ከሞሮኮና ከአልጄሪያ ተራሮች አልፎ አልወረደም። ብርድ የሚፈልገው ለመከራ ሳይሆን ለዕረፍት ነው፤ እንቡጡ ረዥም የብርድ ወራት ካልተኛ በጊዜው ነቅቶ አያብብም፤ የአዲስ አበባ ሌሊት ምንም ቢቀዘቅዝ ቀኑ ፀሓያማ ስለ ሆነ ያን እንቅልፍ አይሰጠውም። ስለዚህ «ከረንት በአገራችን አለ ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ የለም የሚል ነው። ነገር ግን እንደ አንድምታው ሥርዓት «አንድም» ብለን ጥያቄውን ብንመልሰው፣ ማለትም አበባው የሚያውድ፣ ፍሬው ጥቃቅንና ለስላሳ፣ ቁመቱ ከአጥር የማይበልጥ፣ ሰውም ወፍም የሚመገበው ቁጥቋጦ በአገራችን አለ ወይ ብንል፣ መልሱ ከአንድ በላይ ይሆናል። ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው አጋምን ነው፤ በእኔ ፍርድ የሚበልጣቸው እርሱ ነውና።

አጋም ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት የሚበቅል፣ ወፍራምና የሚያብለጨልጭ፣ ዓመቱን ሙሉ ሐመልማል ሆኖ የሚኖር ቁጥቋጦ ነው። አበባው በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ተሰብስቦ ይወጣል፤ ከውስጥ ነጭ፣ ከውጭ ሮዝ፣ ከታች ቀጭን ቱቦ፣ ከላይ አምስት ሆኖ የተከፈለ፤ አምስቱም እንደ መንኰራኵር ወደ አንድ ወገን የተጠማዘዙ ናቸው። ሽታውን የገደል አፋፍ ላይ በማለዳ ያለፈ ሰው አይረሳውም። ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ቀይ፣ ከቀይ ወደ ጥቁር ወይን ጠጅ ሲለወጥ ይበስላል፤ በልጅነቱ የበላው ሰው ምላሱንና የሸሚዙን ኪስ በዚያ ቀለም ያላበላሸ አይገኝም። በሊቃውንት ዘንድ ሁለት ስም ይዞ ብዙ ዘመን ኖሯል። የሥነ ዕፅዋት ሊቁ ሊኔዎስ በ1771 «ባለ እሾኹ» ብሎ ካሪሳ ስፒናሩም ሲለው፣ ዴንማርኮች በላኩት ጉዞ ወደ የመን ሄዶ በ1763 እዚያው በበሽታ የሞተው ወጣቱ ፎርስኮል በበኩሉ ጽፎት ሥራው በ1775 ታተመ፤ በዚያም መንገድ የመጣው ስሙ ካሪሳ ኤዱሊስ፣ «የሚበላው» ማለት ነው። ኋላ ከአፍሪካ አንሥቶ በዐረብና በህንድ በኩል እስከ አውስትራልያ የሚገኘው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ተብሎ ሲፈረድ፣ ቀደምትነት ያለው ስም ጸናና አጋማችን በእሾኹ ስም ተጠርቶ ቀረ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድኑ የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ትብብር ከ1980 ጀምሮ ሲሠራ ቆይቶ በ2009 የተፈጸመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ታላቅ መጽሐፍም ይህንኑ ስም ተቀብሏል። «የሚበላው» የተባለው ስም ተሽሮ «ባለ እሾኹ» መንገሡ የሕጉ ነገር ነው፤ እኔ ግን ስመለከተው የእኛንም ጠባይ የሚገልጥ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ጠባያችን ያልሁት ምንድን ነው? አጋም በቋንቋችን ውስጥ የሚታወቀው በአበባው ወይም በፍሬው ሳይሆን በአንድ ተረት ነው፤ «ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» የሚለው ነው። ይህን ተረት በየሸንጎው በየዳኝነቱ የማይጠቅሰው የለም፤ ትርጓሜውም ከክፉ ጎረቤት የተጠጋ ሰው ዘወትር ይጎዳል የሚል ነው። ተረቱን ግን እንደ ዕፅዋት ተመልካች ብናጤነው ሁለት ነገር ይገለጥልናል። አንደኛው፣ በተረቱ ውስጥ ያለው ቁልቋል ከአሜሪካ የመጣውና ፍሬውን ላጥ አድርገን የምንበላው በለስ ሊሆን አይችልም፤ እርሱ ሲወጋ እንባ የሚሆን ወተት የለውምና፤ ተረቱ የሚያመለክተው እንደ መቅረዝ ቅርንጫፉን ወደ ላይ የሚዘረጋውን፣ ጥቂት ሲነካ ነጭ ወተት የሚያፈሰውን የአገራችንን ጥንታዊ ቁልቋል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ተረት ነጋሪዎቹ ያላነሡት ነው፤ አጋምም ያለቅሳል። ቅርንጫፉ ሲሰበር ወይም ቅጠሉ ሲቀነጠስ ከቁስሉ ነጭ ወተት ይንጠፈጠፋል፤ ወተት የሚያነቡ ብዙ ዕፀ መርዝ ያሉበት ወገን ልጅ ነውና። ከሳሹ ብቻ ተሰምቶ የተፈረደበት ተከሳሽ ማለት አጋም ነው።

የአጋም እሾህ ራሱ የሚገባውን ያህል አልተጤነም። እሾህ ሁሉ አንድ አይደለም። የቀጋን እሾህ በአውራ ጣት ወደ ጎን ብትገፋው ከልጡ ጋር ተላቅቆ ይወድቃል፤ የልጡ ቅጥያ ነውና ውስጡ እንጨት የለውም። የአጋም እሾህ ግን ቅርንጫፍ የመሆን ዕድል ተሰጥቶት የሾለ እንጨት ነው፤ ከግንዱ ሥጋ ጋር አንድ ስለ ሆነ ሲነቅሉት ግንዱ ይቆስላል። ቀጥ ያለ፣ ጠንካራ፣ ከእግር ውስጥ ሲገባ የሚሰበር በመሆኑ አጋም በአጥርነት ከሽቦ የማይተናነስ ሆነ፤ በከብቶች ጥርስ ካለቁት ቁጥቋጦዎች መካከልም ተርፎ በየቤተ ክርስቲያኑ ደን ዳርቻና በየገደሉ አፋፍ የቀረው በእሾኹ ነው። በየእሾኹ ሥር ችግኝ ተጠልሎ ሲያድግ ያየ ሰው፣ ዳርቻውን ከሚግጡ ፍየሎች የሚጠብቅ ዘበኛ መሆኑን ያስተውላል።

እሾኹ ሌላ ጥቅምም አለው፤ ይህን ለወላጆችና ልጆች ይዘው ወደ ዱር ለሚወጡ ሁሉ ረጋ ብዬ እናገራለሁ። አጋም የሚቀርበው ዘመድ ምረንዝ ነው። ቅጠሉ ጥንድ፣ ወፍራምና አብለጭላጭ፤ አበባው ነጭና ሮዝ፣ እጅግ የሚያውድ፤ ፍሬው ሲበስል ጥቁር ወይን ጠጅ፤ ሲሰበርም የሚያነባ፤ እንዲሁ ሲታይ አጋም ነው። ከቅርፊቱና ከእንጨቱ ግን በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ፍላጻቸውን የሚቀቡበት መርዝ ሲቀቀል ኖሯል፤ በ1888 ፈረንሳዊው አርኖ ከዚሁ ወገን እንጨት ለይቶ ያወጣውና ከሶማልኛው የዛፉ ስም የተነሣ ዋባይን የተባለው ንጥረ ነገር ልብን የሚያቆም፣ በጥቂቱና በሐኪም እጅ ሲሆን ግን ለልብ ሕመም መድኃኒት የነበረ ነው። መለያው አንድ ነው፤ ምረንዝ እሾህ የለውም። ስለዚህ አጋም የሚመስል ነገር ግን እሾህ የሌለው ቁጥቋጦ ቢያጋጥም ፍሬውን አለመንካት ነው። የምንረግመው እሾህ በዚህ ስፍራ የማንነት ማረጋገጫ ሆኖ ይቆማል።

ወደ ኮሽም እንለፍ። ይህ ቁጥቋጦ ከሁሉ ይልቅ ከከረንት ቤተሰብ ጋር በስም የተቆራኘ ነው፤ እንግሊዞች «የአበሻ ጉዝቤሪ» ይሉታል፤ ጉዝቤሪ የተባለውም የከረንት ወንድም፣ የሪቤስ ወገን፣ እሾኻሙና ኮምጣጣው ነው። ዝምድናቸው ግን የስም ብቻ ነው፤ ኮሽም ከአኻያ ዛፍ ጋር የሚመደብ ነውና። ቢጫ ወደ ብርቱካናማ የሚያደላው ክብ ፍሬው ጥርስ የሚያደነዝዝ ኮምጣጣ ሲሆን፣ ለማርማላታ የተፈጠረ ይመስላል። ለአጥር ተክሎት ፍሬ ሳያይ የቀረ ሰው ቢኖር አፈሩን አይውቀስ፤ የኮሽም ወንድና ሴት በየራሳቸው ግንድ ስለሚበቅሉ፣ ብቻዋን የቆመች ሴት ፍሬ አትይዝም፤ ወንዱም ምንም ቢያብብ አያፈራም።

ቀጋ የሚገባው ክብር ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ዓለም ሁሉ የሚያመሰግነው የጽጌረዳ ወገን በአፍሪካ ከሰሃራ በስተደቡብ የራሱ የሆነ የዱር ተወላጅ ያለው በቀጋ ብቻ ነው፤ እንግሊዛዊው ጆን ሊንድሌ በ1820 ስለ ጽጌረዳዎች ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ሮዛ አቢሲኒካ ብሎ መዘገበው፤ ስሙ የአገራችንን ስም የያዘ ነው። ቅጠሉ ብዙውን ጊዜ ሰባት ሆኖ በአንድ ዘንግ የተሰደረ፣ አበባው ነጭ፣ ያልተደራረበ፣ አምስት ቅጠል ያለው፣ ሽታው ረቂቅ ነው። ቀዩ ፍሬ የምንለው ደግሞ በእውነቱ ፍሬ አይደለም፤ አበባው የተቀመጠበት ጽዋ አብጦና ቀልቶ የሚሆነው ነው፤ እውነተኞቹ ፍሬዎች በጽዋው ውስጥ ጉሮሮ ከሚያሳክክ ጠጉር ጋር የተዘጉት ጠንካራ ቅንጣቶች ናቸው። እረኛ ያለ መምህር ይህን ያውቃል፤ ሥጋውን ግጦ ውስጡን ይጥላልና።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ሆዴን ይቆርጠኛል። ከሆለታ፣ ከቢሾፍቱና ከዝዋይ እርሻዎች የሚቆረጠው ጽጌረዳ በየሌሊቱ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ወደ አውሮፓ ይጫናል፤ አገራችንም በዚህ ንግድ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ የምትጠራ ሆናለች። አበቦቹ ውብ ናቸው፤ ረዥም መንገድ እንዲችሉ የተመረጡ ስለ ሆኑ ግን ብዙዎቹ ሽታ የላቸውም። የአገሩ ተወላጅ የሆነው ባለ ሽታው ቀጋ በእንጦጦና በየካ ዳገት ላይ ቆሞ ሳለ፣ በዚያው ከተማ ውስጥ አንዲት የቀጋ እግር የተተከለችበት የቤት ግቢ ማግኘት ጭንቅ ነው።

እንጆሪን በጥቂት ቃል አልፈዋለሁ። ፍሬው ብዙ ጥቃቅን ፍሬዎች ተጣብቀው አንድ የሆኑበት ነው፤ በአገራችን ካሉት ዓይነቶች አንዱ የሊቅ ስሙ «ቅጠለ አበባ አልባው» የሚባል መሆኑ ደግሞ የሚያስቅ ነው። የሚያሳዝነው ግን ስሙ መወሰዱ ነው፤ ዛሬ በቦሌ የጭማቂ ቤት «እንጆሪ» ብሎ ያዘዘ ሰው የሚቀርብለት ከባሕር ማዶ የመጣው፣ በመሬት ላይ የሚንፏቀቀው ተክል ፍሬ ነው። ከረንት ከዘቢብ ስም እንደ ወረሰ ሁሉ፣ መጻተኛው ከእንጆሪ ወረሰ፤ ልዩነቱ ዘቢቡ በገበያ ላይ ስሙን ይዞ መቅረቱ፣ እንጆሪያችን ግን በጫካ መረሳቱ ነው።

እንግዲህ እነዚህ አራቱ ለምን ሾላ ገበያ አልደረሱም? የዘቢብ ሻጪቱ «የእረኛ ነው» ስትል ዋጋ የለውም ማለቷ ብቻ አልነበረም። በዚያ ገበያ የሚከብረው ቁጥቋጦ ጌሾ ነው፤ ጌሾም ጥቁር የሆነ ጥቃቅን ፍሬ አለው፤ ፍሬውን ግን የሚጠይቅ የለም፤ የሚሸጠው ቅጠሉና እንጨቱ ነው፤ ምክንያቱም ይደርቃሉ፣ ይከማቻሉ፣ በማዳበሪያ ታስረው በመኪና ጣራ ላይ ይጓዛሉ። የገበያችን ሕግ ይህ ነው፤ የደረቀ ይነግሣል። የአጋም ፍሬ በጠዋት ተለቅሞ ማታ ይፈርሳል፤ አንድ ቁና ለመልቀም ሁለት እጅ ይደማል፤ ልጆች አልፎ አልፎ በጣሳ ይዘው በመንገድ ዳር ከመቆማቸው በቀር ለነጋዴ የሚመች አይደለም። ገበያው ራሱ ሾላ የተባለው በዛፍ ስም ሆኖ ሳለ፣ ያውም ዘኬዎስ ጌታን ያይ ዘንድ በወጣበት ዛፍ ስም፣ የሾላን ፍሬ በዚያ የሚሸጥ አላየሁም። ለስላሳ ፍሬ ሁሉ ዕጣው አንድ ነው።

ሌሎች ሕዝቦች ግን ለስላሳውን ፍሬ ወደ ጠርሙስ በማግባት ይህን ሕግ ሽረውታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብርቱካን የሚያመጡ መርከቦች ወደ ብሪታንያ መድረስ ባቃታቸው ጊዜ፣ መንግሥት ሕፃናት በቫይታሚን እጦት እንዳይጎዱ ከጥቁር ከረንት የተጨመቀ ሽሮፕ አደለ፤ ከየአጥሩ ሥር የቀጋ ዘመዶች የሆኑት የዱር ጽጌረዳዎች ፍሬም በልጆችና በሴቶች እጅ ተለቅሞ ሽሮፕ ሆነ። ትናንት ወፍ የሚበላው የአጥር ፍሬ በብርቱካን ስፍራ ተተካ። እኛም የምንፈልገው ዘዴ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ኮሽም በስኳር፣ አጋም በጭማቂ፣ ቀጋ በደረቅ ሻይ ሊቀመጥ ይችላል፤ ከሦስቱም ለመድረቅ የሚመቸው ቀጋ ስለ ሆነ በሾላ ሚዛን ላይ ከዘቢብ አጠገብ መቀመጥ የሚችለው መጀመሪያ እርሱ ነው ብዬ እገምታለሁ።

ከገበያው በፊት ግን አጥሩ ይቅደም። በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ከመገናኛ እስከ ገርጂና እስከ ቦሌ ዳርቻ፣ የግቢ አጥር ወይ ብሎኬት ወይ ቆርቆሮ ነው፤ ለጌጥ የተተከለውም ብዙውን ጊዜ ከብራዚል የመጣው ቡገንቪላ ነው፤ እርሱም እንደ ከረንቱ አበባ ቀለሙን ከመልካበባው ያልወሰደ፣ ሽታና የሚበላ ፍሬ የሌለው ነው። አንባቢ ሆይ፣ አጥርህን ልታድስ ያሰብህ እንደ ሆነ፣ ከገጠር የሚመጣ ዘመድህን የበሰለ አጋም ጥቂት ፍሬ አምጣልኝ በለው፤ ሥጋውን በልተህ ዘሩን ሳይደርቅ አጥበህ በእርጥብ አፈር ዝራው፤ ኮሽም ከመረጥህ ከአምስትና ከስድስት እግር አታሳንስ፤ ቀጋን ግን ከግድግዳ ጥግ አርቀህ ትከለው፣ ይሰፋልና። በመጪው ዘመንም ያቺን የሾላ ሴት አጋም አለሽ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ከእኔ ሌላ ሰው ይኑር።